አምስት ጊዜ የጠበበ ቀሚስ

ከስድስተኛ ክፍል የተባረርኩት የአስተማሪያችንን ወንበር ሙጫ ቀብቼ ነው። ለሰው ሳወራው፣ አስተማሪው ከነወንበራቸው ወደ ቤታቸው ሄዱ፣ ሦስት ቀን ከነወንበራቸው በሉ፣ ከነወንበራቸው ተኙ፣ በመጨረሻ አናጺ ተጠርቶ በመጋዝ ለያቸው እላለሁ። እውነቱ ያን ያህል አያስቅም። ሱሪያቸው ከኋላ በኩል ስንዝር ያህል ተቀደደ፤ ይኸው ነው። ሱሪውን የሰፋችላቸው ታላቅ እህቴ ናት። ስፌቱ የቱ ጋ እንዳለ እሳቸው ራሳቸው ፈልገው እስኪያጡት ድረስ አሳምራ ሰፍታ፣ ተኩሳ፣ አጣጥፋ ወሰደችላቸው። ሱሪውን ገለባብጠው ካዩ በኋላ፣ እጅሽ ይባረክ፣ ወንድምሽን ግን አልመልሰውም አሏት።

ከዚያ ወዲህ ሥራ ተከፋፍለን ኖርን ማለት ይቻላል። እኔ እቀድዳለሁ፣ እሷ ትሰፋለች።

እታለም ነው የምላት። እናታችን ስትሞት እሷ አሥራ አራት፣ እኔ ስምንት ዓመታችን ነበር። አባታችንን አትጠይቁኝ፤ ስለ እሱ የማወራው አሥራ ሁለት ዓይነት ታሪክ አለኝ፣ አንዱም እውነት አይደለም። እታለም ልብስ ስፌት ቤት ተቀጥራ አሳደገችኝ፤ እኔም ከትምህርት ቤት ስወጣ እዚያው አስገባችኝ። ስፌት ቤቱ ከትልቁ መንገድ ዳር ነው፤ ፊቱ መስታወት፣ ውስጡ ረጅም ክፍል። መግቢያው ላይ የቆራጩ ጠረጴዛ፣ መሐል ላይ አምስት የስፌት መኪና፣ ጥጉ ላይ የእታለም ወንበር፣ ከኋላ መስኮቱ ሥር የእኔ የካውያ ጠረጴዛ። ሥራዬ ተኳሽ ነው። ለማያውቁኝ ሰዎች ተኳሽ ነኝ ብዬ እተወዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ በመንገድ ሲያዩኝ ቦታ ይለቁልኛል።

እታለም የእጅ ሥራ ነበር የምትሠራው፤ የቁልፍ ቀዳዳ፣ ኮሌታ፣ የቀሚስ ጠርዝ። እኔ ግራኝ ነኝ። በእጄ የሰፋሁት ነገር ሁሉ ነፋስ እንደገፋው አጥር ወደ ግራ ያጋድላል። የስፌት ቤቱ ባለቤት አንድ ጊዜ በእጄ ስሰፋ ያየኝ ቀን፣ ልጄ፣ መርፌ በሩቁ አለኝ። መኪና ላይ ስቀመጥ ግን ማንም አይበልጠኝም። መኪና ግራና ቀኝ አያውቅም፤ የማንም ይሁን የማን፣ የመኪና ስፌት ቀጥ ያለ ነው።

የመጀመሪያው ገመድ የወጣባት ከሁለት ዓመት በፊት ነው። የሥራ ቀን ነበር፤ እኔ ኮት ስተኩስ መጥታ እጅጌዋን ሰበሰበችና ግራ ክንዷን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችው። ከእጅ አንጓዋ እስከ ክርኗ ድረስ በጠመኔ የተሠመረ የሚመስል ቀይ መስመር አለ። ነካሁት። ይሞቃል። ከቆዳዋ ሥር ጠጣር ነገር አለ፤ ልክ የፒጃማ ወገብ ውስጥ ገመድ ገብቶ ከላይ ስትዳስሰው እንደሚሰማህ ነው። ምን መሰለህ አለችኝ። እኔ ደግሞ ለጠየቀኝ ሰው መልስ አጥቼ አላውቅም። በልጅነቷ አንድ ሙሉ ጥቅል ክር እንደዋጠች፣ ክሩ ሠላሳ ዓመት ሙሉ መውጫ ሲፈልግ ኖሮ አሁን ክንዷ ላይ ጫፉን እንዳገኘ፣ ከዛሬ ጀምሮ ክር ሲያልቅብን ከእሷ እየሳብን እንደምንሠራ ለቤቱ ሁሉ አወጅኩ። መኪናዎቹ ሁሉ ቆመው ሳቁብን። እሷም ሳቀች።

«ጥቁር ከሆነ ቶሎ ሳበው፤ ጥቁር ክር አልቆብናል» አለች።

ሰፈራችን ያለው ክሊኒክ ሄደች። ከቆዳ ሥር ያለ የደም ሥር ውስጥ ደም ረግቶ ነው፣ አያሳስብም አሏት፤ የሚቀባና የሚዋጥ ሰጧት፣ ሞቅ ያለ ጨርቅ አድርጊበት አሏት። ሞቅ ያለ ጨርቅ ደግሞ የእኔ ሙያ ነው። በሦስት ሳምንቱ ገመዱ ሟሟ፤ የሻይ ጠብታ የመሰለ ቡናማ መስመር ትቶ ሄደ። ደስ አለን። በወሩ ቀኝ ክንዷ ላይ ወጣ። እሱ ሲሄድ ከግራ ክርኗ በላይ፣ እሱ ሲሄድ እንደገና ቀኝ አንጓዋ ላይ። አንዱ ለቀቀ ስንል ሌላው ሻንጣውን ይዞ የሚገባ ተከራይ ሆነብን። በዓመቱ ሰባት ቆጠርኩ። አንዳንዱ ጨርሶ ሳይሟሟ ደርቆ ቀረ። እጇን ዘርግታ ስትቀመጥ ሁለቱ ክንዶቿ ጊታር ይመስላሉ፣ ወረፋ ስንጠብቅ ዘፈን ላውጣበት እላት ነበር።

ሥራዋ ግን በክንዷ ነው። ያመማት ቀን መርፌውን ከጨርቁ ስትስብ ከንፈሯን ትነክሳለች። ቁርጥራጭ ጨርቅ ጠቅልዬ ትራስ ሠራሁላት፤ ክንዷን እሱ ላይ አጋድማ ትሰፋለች። በቀን አሥራ አምስት የቁልፍ ቀዳዳ የምትጨርስ ሴት አራት ላይ ቆመች። ባለቤቱ ክፉ ሰው አይደለም፤ ምንም አላላትም። እሷ ናት አራቱን ቀዳዳ እያየች አንገቷን የምትደፋው።

አሁን ስለ ሚኒስትሩ መናገር አለብኝ። ሚኒስትሩ ቆራጫችን ነው። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ስለሚሄድና ጨርቅ ከመቁረጡ በፊት ጉባኤ የሚከፍት ይመስል ጉሮሮውን ስለሚጠርግ ስሙን እኔ አወጣሁለት፤ እሱም ለመደው። ጧት ሲገባ ሱሪውን ቀይሮ ደህናውን ሱሪ መስቀያው ላይ ይሰቅላል። ከእለታት አንድ ዓርብ እኔና እታለም ሱሪውን አውርደን ወገቡን በግማሽ ጣት አጠበብነው። በሚቀጥለው ዓርብ እንደገና። ሰውየው ማታ ማታ ሱሪውን ሲለብስ ትንፋሹን ይውጣል። በወሩ ስኳር ተወ። በሁለት ወሩ ዳቦ ተወ፣ ታክሲም ተወ፣ በእግሩ መምጣት ጀመረ። ያን ጊዜ አሳዘነንና በየዓርቡ እየተረተርን አሰፋንለት። ሚኒስትሩ በእግር መሄድ ሰውነት ይቀንሳል ብሎ ለደንበኛ ሁሉ መስበክ ያዘ። እስካሁን በእግሩ ነው የሚመጣው። እታለም ይህን ባስታወሰች ቁጥር ከሳቋ ብዛት ዓይኗ እንባ ያቀር ነበር። አጠባበቡን ያስተማረችኝ እሷ ናት፤ ስፌቱ ከውጭ ሲታይ እንዳይነቃበት ትርፉ ወደ ውስጥ እንዴት ታጥፎ እንደሚተኮስ፣ ያንን ሁሉ።

ያ ነገር እኔን የሚያጠፋኝ መሆኑን በምን አውቃለሁ።

እናታችን የሞተችው ከስታ ነው። በሽታው ስም ይኖረው ይሆናል፤ እኛ ልጆች ስለነበርን ያየነው መክሳቷን ብቻ ነው። አንድ ቀን ስትበላ ቀለበቷ ከጣቷ ሾልኮ ሳህኑ ውስጥ ወደቀ። እናታችን ቀለበቱን አየችው፣ ከዚያ በኋላ አልበላችም። እታለም ቀለበቱን አጥባ፣ ከውስጡ በኩል ቀጭን ክር ጠምጥማ፣ ጣቷ ላይ መልሳ አጠለቀችላት። ይኸው እማዬ፣ ሳሙና አሟልጦት ነው እንጂ እንደ ልክሽ ነው አለቻት። እናታችን ጣቷን አጥፋ ዘርግታ አየችና ፈገግ አለች። እኔ በር ላይ ቆሜ አይቻለሁ። ውሸት እንዲህ ያለ መድኃኒት መሆኑን የተማርኩት ያን ቀን ነው፤ ስድስተኛ ክፍል ድረስ ብማር ከዚህ የሚበልጥ ትምህርት አላገኘሁም።

ገመዶቹ ከጀመሯት ዓመት ካለፈ በኋላ፣ አንድ ጧት እታለም ካውያው ጋ መጣች። ፊቷ አመድ መስሏል። ሰማያዊ ቀሚሷን በሁለት ጣቷ ይዛ ወገቧ ላይ አዞረችው፤ የጎኑ ስፌት ከሆዷ ፊት ለፊት መጣ።

«እየዞረብኝ ነው» አለችኝ። «እንደ እማዬ።»

ሳቅሁባት። ጥፋቱ የእኔ ነው አልኳት፤ ቀሚስሽን ትናንት ስተኩሰው እንፋሎቱን አበዛሁት፣ ጨርቁ ተለጠጠ፤ ባለፈው ወር የአንዲት ሙሽራ ቀሚስ እንደዚሁ ተለጥጦ ሙሽራዋ ከነሙሽራው ገብተውበት ነው የተጋቡት አልኳት። ደንበኛ ሲመጣ ተጠራች። ምሳ ሰዓት ላይ፣ ሰዎቹ ጓሮ ተቀምጠው ሲበሉ፣ ቅያሪ ልብስሽን ልበሺና ቀሚሱን ልተኩስልሽ ብዬ ተቀበልኳት። አራተኛው መኪና ላይ ተቀምጬ የሁለቱን ጎን ስፌት በግማሽ በግማሽ ጣት ገፋሁት፤ ትርፉን አጥፌ ተኮስኩት። ስትለብሰው ልክ ሆነላት። ወገቧን በሁለት እጇ ይዛ መስታወቱ ፊት ቆመች፤ ከዚያ መጥታ፣ እውነትህን ነው፣ ጨርቁ ነው አለችኝ። ያን ቀን ሁለት ዳቦ በላች።

ሁለት ዳቦ። ከስንት ሳምንት በኋላ። ይህን ያየ ሰው እንዴት ብሎ ያቆማል?

አላቆምኩም። የቤታችን ልብስ ሁሉ በእኔ ካውያ ሥር ነው የሚያልፈው። ሦስት ልብስ ነበራት፤ ሦስቱንም፣ በየሦስት ሳምንቱ፣ በየአራት ሳምንቱ። ሰማያዊውን ብቻ አምስት ጊዜ። አላወቅህም ነበር ወይ ትሉኝ ይሆናል። በየጊዜው ስንት እንደምገፋ የማውቀው እኔ፣ እንዴት አላውቅም። ግን ሕመሙ ምግብ ዘግቶባት ነው፣ ክንዷ ሲሻላት ትበላለች፣ ስትበላ ደግሞ እንደ ሚኒስትሩ ሱሪ አንድ በአንድ እየተረተርኩ አሰፋላታለሁ ብዬ ለራሴ አወራሁለት። እኔ ሲያወሩልኝ የማምን ሰው ነኝ፤ በተለይ የሚያወራው እኔው ከሆንኩ።

ዘጠነኛው ገመድ ሲወጣ የሰፈሩ ክሊኒክ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ላካት። አብሬያት ሄድኩ። ዶክተሯ ወጣት ናት፤ እስክሪብቶዋን ጆሮዋ ላይ ሰክታ ትረሳውና ጠረጴዛው ላይ ትፈልገዋለች። የእታለምን ሁለት ክንድ ከአንጓ እስከ ብብት በጣቷ እየተከተለች፣ ጽሑፍ እንደሚያነብ ሰው ቀስ ብላ ዳሰሰችው። ከዚያ መጠየቅ ጀመረች። ክንድዎን የመታዎት ነገር ነበር? በክንድዎ ግሉኮስ ወስደው ያውቃሉ? ከቤተሰብ ደም የሚረጋበት ሰው አለ? እታለም ሁሉንም የለም አለች። ሚዛን ላይ አወጣቻት፤ ሃምሳ አንድ ኪሎ። በፊት ስንት ነበሩ ብትላት፣ እታለም ሚዛን ላይ ወጥታ አታውቅም፤ እኛ ሰው የምንለካው በሜትር ነው።

«ከስተዋል እንዴ? ዘንድሮ ክብደት ቀንሰዋል?»

እኔ በሩ አጠገብ ካፖርቷን ታቅፌ ተቀምጫለሁ። እታለም ቀና አለች፣ ቀሚሷን ወገቧ ላይ መታ መታ አደረገችው።

«ዶክተር፣ እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ» አለቻት። «ብከሳ ከሚዛን በፊት ልብሴ ይነግረኝ ነበር። ይኸው የድሮ ቀሚሴ ነው። እንደ ልኬ ነው።»

ዶክተሯ ቀሚሱን አየችው። በልኳ የተሰፋ ነው፤ አንድ ጣት እንኳ አያስገባም። አፌን ከፈትኩ። እናገራለሁ ብዬ ነው የከፈትኩት፤ የከፈትኩት አፍ ግን ሌላ ነገር ተናገረ። ሚዛናችሁ እኔን ባይመዝን ይሻላል፣ ባለፈው የወጣሁበት ሚዛን እስካሁን ጡረታውን እየበላ ነው አልኩ። ዶክተሯ ፈገግ አለች። እታለም እሱን አይስሙት አለቻት። እስክሪብቶው ጻፈ።

ከዚያ ዶክተሯ አስረዳችን። ከላይ ያለ የደም ሥር ያለ ምክንያት፣ ቦታ እየቀያየረ፣ በሁለቱም ክንድ ሲረጋ፣ አንዳንድ ጊዜ መነሻው ክንድ ውስጥ ሳይሆን ሌላ ቦታ የተደበቀ ነገር ነው። ከስተው ቢሆን ኖሮ በዚህ ሳምንት ሆድዎን በሲቲ ስካን አስነሳዎት ነበር አለች። ካልከሱ ግን መጀመሪያ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት እንሞክራለን፤ የሚያሳስብ ነገር ካዩ ቶሎ ይምጡ፣ ካልሆነም ከሦስት ወር በኋላ። እታለም ወደ እኔ ዞረች። ፊቷ በርቷል። ሰማህ አይደል፣ ምንም የለብኝም አለችኝ።

ነገ እነግራታለሁ አልኩ። ነገ ደግሞ ነገ አለው።

ሦስት ወር ሊሞላ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ሰማያዊው ቀሚስ እንደገና ዞረ። ሆዷ ላይ በየቀኑ የምትወጋው የደም ማቅጠኛ መርፌ ገመዱን አላቆመውም ነበር፤ አሁን ደግሞ ጀርባዬን ይወጋኛል ትላለች፣ ከመቀመጥ ብዛት ነው እላታለሁ። ምሳ ሰዓት ላይ ቀሚሱን ለስድስተኛ ጊዜ ላጠብበው ገልብጬ ጠረጴዛው ላይ አነጠፍኩት። ሚኒስትሩ የሚተኮስ ኮት ይዞ ከኋላዬ መጣ፤ አልሰማሁትም። ቆራጭ ሰው ልብስን የሚያየው ከውስጥ በኩል ነው። ኮቱን አስቀምጦ የታጠፈውን ትርፍ በጣቱ ገለጠው። አንዱን ስፌት፣ ከጎኑ ሌላውን፣ ከጎኑ ሌላውን። አምስት መስመር። ከዚያ ሳያስበው የራሱን ወገብ ያዘ።

ሱሪዬ፣ አለ። ጉሮሮውን አልጠረገም፣ እጁንም ወደ ኋላ አላጣመረም። ታውቃለች ወይ አለኝ። አታውቅም አልኩት። ሐኪሟስ አለኝ። ካውያውን አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ቀሚሱን እንደተገለበጠ አጥፎ በጋዜጣ ጠቀለለና እጄ ላይ አደረገው። አሁኑኑ ይዘሃት ሂድ፣ ባለቤቱን እኔ አናግረዋለሁ አለኝ።

ዶክተሯ ጋ ስንገባ እታለም ምን እንደተፈጠረ አልገባትም፤ ቀጠሮው ገና ነው ትለኛለች። ጋዜጣውን ፈታሁና ቀሚሱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት፣ ውስጡን ወደ ላይ አድርጌ።

«ዶክተር፣ እህቴ አልዋሸችም። እኔ ነኝ። በከሳች ቁጥር ልብሷን እያጠበብኩ አለብሳት ነበር» አልኩ።

በሕይወቴ አንድም ቀልድ ሳልጨምር የተናገርኩት ረጅሙ ነገር ይኸው ነው። ዶክተሯ ስፌቶቹን ስትቆጥር ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። እታለም ግን ለመቁጠር ዓይን አላስፈለጋትም። ጠቋሚ ጣቷን አንደኛው መስመር ላይ አደረገች፣ ወደ ሁለተኛው አሻገረች፣ ወደ ሦስተኛው። አምስተኛው ላይ ስትደርስ ጣቷ እዚያው ቀረ። ወደ እኔ አልዞረችም።

በማግሥቱ ሆዷ ተነሣ። ደም ሊቀዱላት ሲሞክሩ ነርሷ ክንዷ ላይ የሚወጋ ሥር አጣች፤ የነካችው ሁሉ ገመድ ነው። ከእግሯ ነው የቀዱላት። ውጤቱን ዶክተሯ ሳትሸፋፍን ነገረችን። ከጨጓራዋ ጀርባ ካለው ቆሽት ላይ የበቀለ ካንሰር ነው፤ ጉበቷ ጋም ደርሷል። ደሟን የሚያረጋው እሱ ነበር፤ ክንዷ ላይ አንዱ ሲሄድ አንዱ የሚመጣው በእሱ ምክንያት ነው። ሕመሟን እናስታግሳለን፣ ቆርጦ ማውጣት ግን አይቻልም አለች። እታለም ካፖርቷን ለብሳ ቀድማኝ ወጣች፤ እኔ ቀረሁ። የዛሬ ሦስት ወር ብናገር ኖሮስ ብዬ ጠየቅኳት። ዶክተሯ እስክሪብቶውን ከጆሮዋ አውርዳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«አላውቅም» አለችኝ። «ያኔ ባየው ኖሮ ምን እንደማገኝ አላውቅም።»

ትድን ነበር ብትለኝ ራሴን እጠላለሁ፣ አትድንም ነበር ብትለኝ እተነፍሳለሁ። አላውቅም ግን ምኑ ይያዛል። ስንት ጊዜ ተርትሬ እንደገና እንደሰፋሁት ቁጥሩ ጠፍቶብኛል።

ወደ ቤት ስንሄድ አውቶቡስ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። ሁሉንም ልብስ ነው አለች። ሁሉንም አልኳት። ከዚያ ዘጠኝ ቀን አላናገረችኝም። ውሃ፣ መስኮት፣ ትራስ፤ እነዚህን ሦስት ቃላት ብቻ። ሚኒስትሩ በየሁለት ቀኑ በእግሩ ይመጣል፣ አጠገቧ ይቀመጣል፣ ከእሱ ጋር ታወራለች፣ እኔ ስገባ ዝም ትላለች። አንድ ጧት ስለ አስተማሪው ወንበር ልጀምርላት ሞከርኩ። አናጺው ጋ ሳልደርስ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

በአሥረኛው ቀን ረፋድ ላይ ጠራችኝ። ፀሐይ አልጋዋ ላይ ወጥታለች። ሜትርህን አምጣ አለችኝ። አመጣሁ። ብርድ ልብሷን ገፋ አድርጋ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«ለካኝ» አለች። «ቁጥሩን ድምፅህን ከፍ አድርገህ ጥራው። አንድ ሴንቲ ብትዋሽ አውቅብሃለሁ።»

ተንበርክኬ ለካኋት። ደረት፣ ሰባ አራት። ወገብ፣ ሃምሳ ስምንት። ዳሌ፣ ሰባ ዘጠኝ። ሜትሩን በክንዷ ላይ ሳሳልፈው ገመዶቹ ከሥሩ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ፤ ያማታል፣ ክንዷን ግን አልሳበችም። የእጅጌ ርዝመት፣ ሃምሳ አምስት። ድምፄ ሲሰበር ደግመህ ጥራው አለችኝ፤ ደግሜ ጠራሁት። ስጨርስ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። ስንት ወር ሙሉ ሰውነቴ የት እንደደረሰ አላውቅም ነበር፣ አሁን አወቅሁ አለች። በዚህ ልክ አንድ ቀሚስ ስፋልኝ፤ የትም ቦታ አይዙር፣ የትም ቦታ አይጥበቅ አለችኝ።

ሜትሩን እየጠቀለልኩ፣ እታለም ይቅር በይኝ ልላት ነበር። ቀደመችኝ።

«አንተ ሞኝ። ከመጀመሪያው ቀን አውቄ ነበር።»

ቀና ብዬ አየኋት። ፊቷ ላይ የሚነበብ ነገር የለም።

«የወንድሜን ስፌት የማላውቅ መሰለህ? ቀሚሱን የለበስኩ ዕለት በጣቴ ዳሰስኩት፤ ወደ ግራ ያጋድላል። ከአንተ በቀር እንደዚያ የሚሰፋ ማን አለ? እያወቅሁ ነው የለበስኩት። ለዶክተሯም የዋሸኋት እያወቅሁ ነው። ስለዚህ የዋሸሁት እኔ ነኝ፣ አንተ አይደለህም። ሰምተኸኛል?»

ስፌቱ አያጋድልም። አምስቱንም ጊዜ በመኪና ነው የሰፋሁት፤ የመኪና ስፌት ደግሞ ቀጥ ያለ ነው። ሆስፒታሉ ጠረጴዛ ላይ ጣቷ ከመስመር መስመር ሲሻገር፣ አምስተኛው ላይ ሲደርስ መቆሙን አይቻለሁ። አታውቅም ነበር። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ግድግዳውን እያየች ስትሠራው የከረመችው ይህንን ነው። አልቀደድኩም ብዬ የማልክደውን ቀዳዳ፣ ስፌቱ የት እንዳለ ፈልጌ እንዳጣው አድርጋ እየሰፋችልኝ ነበር። አንዲት ነገር ብቻ ረሳች፤ እንደ እኔ ያለ ውሸታም ብትሆን ኖሮ መኪናውን አትረሳም ነበር።

በመኪና ነው የሰፋሁት እኮ ልላት አፌን ከፈትኩ። እናታችን ጣቷን አጥፋ ስትዘረጋው ታየኝ። ያን ጊዜ ክሩ ከቀለበቱ ውስጥ ጫፉን ብቅ አድርጎ ነበር፤ እናታችን ያላየችው ሊሆን አይችልም። እሷም ፈገግ ብላ ተወችው።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«ደስ ብሎህ ነበራ» አለች።

ቀሚሱን በአራት ቀን ጨረስኩት። ባለቤቱ ያለውን ጨርቅ ሁሉ አውጥቶ ምረጥ አለኝ፤ ሚኒስትሩ በጠራሁለት ቁጥር ቆረጠልኝ፣ አንድ ጊዜም ቀና ሳይል። አራተኛው መኪና ባዶ ነው ተቀመጥበት አሉኝ። አይሆንም አልኳቸው። የእታለም ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ የእሷን መርፌ ይዤ፣ ከአንገት እስከ ጠርዝ በእጄ ሰፋሁት። ያለችው ነገር እውነት እንዲሆንላት።

ሳለብሳት ክንዷን ቀስ አድርጌ አሳለፍኩት። የትም ቦታ አልዞረም፣ የትም ቦታ አልጠበቀም። ትራሱን ደግፋ ከተቀመጠች በኋላ ጣቷን ጎኑ ላይ ባለው ስፌት ላይ አድርጋ ከብብቷ እስከ ጉልበቷ ቀስ ብላ ወረደችበት። መሐል ላይ ቆም አለች። ወደ እኔ አየች።

«ይኸው፣ አላልኩህም?» አለችኝ። «ያጋድላል።»

«ያጋድላል» አልኳት።